ደንገጎ ላይ እየበራ ያስቸገረኝ የኤርባግ መብራት

የጋቢና ወንበር የኤርባግ መብራት በርቶባችሁ "ወንበሩን ቀይር" የተባላችሁ ካላችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይሄን አንብቡልኝ። እኔ ድሬ ነው የምኖረው፣ መካኒክ አይደለሁም፣ ሂሳብ ሰራተኛ ነኝ፣ ግን በዚች መብራት ምክንያት አራት ወር ሙሉ ከጋራዥ ጋራዥ ስል ብዙ ነገር አየሁ፣ እዚህ ከተማ ደሞ እንደኔ ለአሜሪካ ገበያ የተሰራ ያገለገለ መኪና የሚነዳ ሰው ብዙ ስለሆነ ያየሁትን እንዳለ ላስቀምጥላችሁ።

እናቴ ሐረር ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ባለቤቴን ጋቢና፣ ልጃችንን ኋላ አድርገን እንወጣለን። በአዘቦት ቀን ብቻዬን ነው ምነዳው፣ እዚሁ ድሬ ውስጥ፣ ከሳቢያን ሰፈር ከዚራ ሰፈር፣ ከከዚራ ሳቢያን፣ በቃ። መጀመሪያ ቀን የበራው ከድሬ ወደ ሐረር ሲወጣ ያለው ደንገጎ ዳገት ላይ ነው፣ ጠመዝማዛውን ግማሽ ያህል እንደወጣን ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ሰውዬ ቁጭ ብሎ ፊቱ ፊት ለፊት ኳስ ያለ ሚመስለው መብራት ቦግ አለች፣ ወዲያው ደሞ መሀል ላይ ከሬዲዮው በላይ ያለችው "የጋቢና ኤርባግ ጠፍቷል" የምትለዋ ብርቱካናማ መብራት በራች። ባለቤቴ ቁጭ ብላለች እኮ! ትልቅ ሰው፣ ቀበቶ ያሰረች። መኪናው ግን እዛ ወንበር ላይ ማን እንዳለ አላውቅም እያለ ነው።

እዚጋ ሁለቱን መብራቶች መለየት ያስፈልጋል ምክንያቱም ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ነው ሚያያቸው። ኳስ የያዘችው መብራት ቁልፍ ኦን ስታደርጉ ለትንሽ ሰከንድ፣ በብዙ መኪና 6 ሰከንድ አካባቢ፣ በርታ መጥፋት አለባት። ካልጠፋች ወይ መንገድ ላይ ከበራች ሲስተሙ ውስጥ ችግር አለ ማለት ነው፣ ያኔ ኤርባጉም፣ በግጭት ጊዜ ቀበቶውን ስብ አድርጎ የሚወጥረው ነገርም ላይሰራ ይችላል። ብርቱካናማዋ ግን በራሷ ብልሽት አይደለችም፣ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ወይ ህፃን ሲቀመጥ መብራት ስራዋ ነው። ትልቅ ሰው ተቀምጦ ስትበራ ነው ችግሩ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲበሩ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ጣታችሁን ወደ ጋቢናው ወንበር ቀስሩ።

ይሄ ነገር ለምን እንደተሰራ ካላወቃችሁ ዋጋው አይገባችሁም። ኤርባግ በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ በሰዓት እስከ 300 ኪሎሜትር በሚደርስ ፍጥነት ነው ሚፈነዳው፣ ለትልቅ ሰው መዳኛ ነው፣ ፊት የተቀመጠ ትንሽ ልጅ ግን ሊገድል ይችላል፣ በ90ዎቹ እ.ኤ.አ አሜሪካ ውስጥ ገድሏልም። ከዛ በኋላ ነው መንግስታቸው ወንበሩ ላይ ያለው ልጅ ይሁን ትልቅ ሰው ይለይ ብሎ ህግ ያወጣው፣ ከ2003 እ.ኤ.አ ጀምሮ ቀስ በቀስ ገብቶ ከ2006 በኋላ ለነሱ ገበያ የሚሰራ መኪና ሁሉ ግዴታው ሆነ። ለአረብ ሀገር ወይ ለአውሮፓ የተሰራ መኪና ላይ ይሄ የክብደት ሴንሰር ላይኖር ይችላል፣ አንዳንዱ በቁልፍ ሚጠፋ ማብሪያ ነው ያለው። ስለዚህ መጀመሪያ መኪናችሁ ምን እንዳለው እወቁ። አይነቱም ይለያያል፣ አንዳንዱ ከስፖንጁ ስር ስስ ምንጣፍ ነገር አለው፣ አንዳንዱ በፈሳሽ የተሞላ ከረጢት፣ የኔ አይነቱ ደሞ ወንበሩ እግሮች ላይ አራት ሚዛን አለው፣ ፊት ሁለት ኋላ ሁለት፣ እና ከወንበሩ ስር አራቱን ደምሮ ለዋናው የኤርባግ ኮምፒውተር ሚያሳውቅ ትንሽ ሳጥን።

የመጀመሪያው ጋራዥ ምንም ሳይፈትሽ "አቦ ምን አስጨነቀህ፣ አምፖሏን ነቅለን እንገላግልህ" አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ ክፋት አስቦ አይደለም፣ ብዙ ሰው እንደዛ እንዲሰራለት ስለሚጠይቀው ነው። እኔ እምቢ አልኩ። ከጎኔ የምትቀመጠው ሚስቴ ናት፣ መብራቷ ብትጠፋም ባትጠፋም ኤርባጓ የለም፣ ልዩነቱ ነገ መኪናውን ሚገዛው ሰው አለማወቁ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ቁልፉን ኦን አድርጉና ያቺን መብራት ፈልጉ፣ ጭራሽ ካልበራች ወይ ከሞተር መብራቷ ጋር እኩል በርታ እኩል ከጠፋች አንድ ሰው ነካክቷታል ብላችሁ ጠርጥሩ፣ ከግጭት በኋላ የተጠገነ መኪና ላይ ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ሬዚስተር ሚባል ትንሽ የኤሌክትሪክ እቃ አስገብተው ሲስተሙን "ሁሌ ሰው አለ" ሚያስብሉትም አሉ፣ እሱ ከሁሉ የባሰ ነው፣ አንድ ቀን ልጅ ጋቢና ተቀምጦ ግጭት ቢፈጠር ኤርባጉ ሳይጠይቅ ይፈነዳበታል።

ከዛ ጓደኛዬ ብሉቱዝ ያላትን ትንሿን የብልሽት ኮድ ማንበቢያ አዋሰኝ፣ ከስልክ ጋር ምትገናኘዋን። ሰካሁ፣ "ምንም ኮድ የለም" አለች። እኔ ደስ ብሎኝ እፎይ አልኩ፣ ግን ውሸት ነው፣ እነዚህ ርካሽ ማንበቢያዎች በአብዛኛው የሞተሩን ኮድ ብቻ ነው ሚያነቡት፣ በፒ ፊደል ሚጀምረውን። የኤርባግ ኮድ በአብዛኛው በቢ ነው ሚጀምረው፣ እሱን ለማየት የኤርባጉን ኮምፒውተር ማናገር የሚችል ስካነር ያስፈልጋል። ስለዚህ "ስካን አድርጌ ምንም የለም" ከመባባላችሁ በፊት ስካነሩ ኤርባግ ሚል ሜኑ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ጋራዥ ደህና ስካነር ነበራቸው። ኮዱ የጋቢና ሰው መለያ ሲስተም ይላል። አጠፉልኝ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ከፍዬ ወጣሁ። እሁድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ ሰላም። ቅዳሜ ደንገጎ ላይ ቦግ። ተመልሼ ስሄድ "ሴንሰሩ ሞቷል፣ ሙሉ ወንበር ከሶማሌ ተራ አስመጣ፣ 45 ሺ ብር አካባቢ ነው" አሉኝ። እኔም አመንኩ፣ ምክንያቱም ባለቤቴ ጋቢና ምትቀመጠው ቅዳሜ ብቻ ነው፣ መብራቱ ሚበራው ደሞ ቅዳሜ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሰው ሲቀመጥበት ነው ሚበላሸው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አዲስ አበባ ለሚገኝ ዘመድ ደውዬ ወንበሩን እንዲፈልግልኝ ነገርኩት። ደግነቱ እሱ ሳምንት ቆየ።

በዛ ሳምንት መሀል ነው አንድ የስራ ባልደረባዬ ሳቢያን ውስጥ ምትሰራ አንዲት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ልጅ አለች፣ ወጣት ናት ግን አትቸኩልም ብሎ የላከኝ። ሄድኩ። ስካነር ከማውጣቷ በፊት ጥያቄ ነው የጀመረችው። "ጋሼ፣ መቼ መቼ ነው ሚበራው?" ቅዳሜ አልኳት። "ቅዳሜ የት ጋ?" ደንገጎ ዳገት ላይ። "ስትመለሱስ?" ስመለስ አንዳንዴ በርቶ ይቆያል፣ እሁድ ሰኞ ድረስ፣ ከዛ ጠዋት ሳስነሳ ይጠፋል። "በአዘቦት ጋቢና ላይ ሰው አስቀምጠው ያውቃሉ?" አሰብኩ። አዎ፣ ሁለት ሶስቴ የቢሮ ሰው ሸኝቻለሁ፣ አልበራም። ያኔ ነው እኔም ደንገጥ ያልኩት፣ ይሄን ጥያቄ ለራሴ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ሰው ሳይሆን ዳገቱ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ እባካችሁ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት መቼ፣ የት፣ ማን ተቀምጦ፣ ኤሲ በርቶ ወይ ጠፍቶ፣ መንገዱ ሜዳ ወይ ዳገት፣ ብላችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ሰውየው ባይጠይቃችሁም ንገሩት።

ከዛ ቀላል ቀላሉን አየች። ከወንበሩ ስር ምን አለ? የኔ ጃክና የውሃ ላስቲክ ነበር፣ አወጣችው፣ ከስር ወንበሩን ወደላይ ሚገፋ ነገር ካለ ሚዛኑን ያሳስተዋል። ከኋላ የወንበሩ ኪስ ላይ የተንጠለጠለ ከባድ ነገርም እንደዛው። የኋላ ሰው እግሩን ከስር አስገብቶ ሲገፋም እንደዛው። የወንበር ልብሱን አስወለቀችኝ፣ ያን ወፍራም ቆዳ መሰሉን፣ የኔ አይነቱ ላይ ብዙም ለውጥ የለውም ግን ምንጣፍ ሴንሰር ያለው መኪና ላይ ወፍራም ልብስ በደንብ ያዛባል፣ የጎን ኤርባግ ደሞ ወንበሩ መደገፊያ ውስጥ ስላለ ስፌቱን ሚሸፍን ልብስ ጭራሽ ባይኖር ይሻላል። የባትሪውን ቮልት ለካች፣ 12.5 አካባቢ፣ ደህና። ደካማ ባትሪም ሲያስነሱት ቮልቱ ወርዶ የኤርባግ ኮድ ሊያስመዘግብ ይችላል አለችኝ።

ቀጥላ ያደረገችው ነገር እስካሁን አይኔ ላይ አለ። ጫማዋን አወለቀች። በካልሲ ጋቢናው ወለል ላይ ቆመችና ተረከዟን ጫን አደረገች። ካልሲዋን አየችው፣ ደረቅ ነው። ከዛ የሞኬቱን ጠርዝ ከበሩ ጋር ካለው ፕላስቲክ ስር መዝዛ እጇን እስከ ክርኗ ድረስ አስገባችና ስፖንጁን ጨመቀችው። ውሃ። ጠብ ጠብ ሳይሆን እንደታጠበ ጨርቅ ነው የወረደው፣ በጣቶቿ መሀል። ከላይ ሞኬቱ ደረቅ፣ ሙቅ፣ አቧራ ያለበት፣ ከስር ረግረግ። አሸተተችው፣ በሁለት ጣቷ አሸችው፣ አሳየችኝ። "ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያጣብቅም። የራዲያተር ውሃ ቢሆን ቅባት ቅባት ይል ነበር፣ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸት ነበር። ይሄ የኤሲ ውሃ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዝ ውሃ ያወጣል፣ እሱ ውሃ በትንሽ የጎማ ትቦ ከመኪናው ስር መፍሰስ አለበት፣ ኤሲ አብርቶ የቆመ መኪና ስር ሁሌ ምታዩት እርጥብ ነገር እሱ ነው። የድሬ አቧራ ደሞ ታውቁታላችሁ። አቧራው ከውሃው ጋር ጭቃ ሆኖ ትቦውን ይደፍነዋል፣ እኛ ደሞ በዚህ ሙቀት ኤሲ ሙሉ ቀን ነው ምናበራው፣ ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጋቢናው እግር ማሳረፊያ ይመለሳል። ሜዳ ላይ እዛው ፊት ለፊት ስፖንጁ ውስጥ ተጠራቅሞ ይቀመጣል፣ ማንንም አያስቸግርም። ደንገጎ ላይ ግን የመኪናው አፍንጫ ወደላይ ይሆናል፣ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ነች፣ ዳገቱ ከ2,000 በላይ ነው ሚያወጣችሁ፣ ያን ሁሉ መንገድ ውሃው ወደኋላ ይሄዳል፣ ወንበሩ ስር፣ ሶኬቶቹ ጋ። ሐረር ደሞ ቀዝቃዛ ናት፣ ኤሲ አናበራም፣ ስንመለስ ቀስ በቀስ ይደርቃል፣ መብራቱ ይጠፋል። አራት ወር ያንከራተተኝ ይሄ ነው። ወዲያው ለዘመዴ ደውዬ ወንበሩን ተወው አልኩት።

አሁን እንዴት እንደከፈተችው ልንገራችሁ ምክንያቱም ሰው ሚጎዳው እዚጋ ነው። ቁልፍ አጥፍታ አውጥታ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታች፣ ከዛ ጠበቅን። የኤርባጉ ኮምፒውተር ባትሪ ቢቋረጥም ለማፈንዳት የሚበቃ ኃይል ውስጡ ይዞ ይቆያል፣ አንዳንድ ማኑዋል 90 ሰከንድ፣ አንዳንዱ 3 ደቂቃ ይላል፣ እሷ ግን 10 ደቂቃ ጠብቃለች፣ ሰዓቷን እያየች። ከወንበሩ ስር ቢጫ ሶኬት አለ፣ ቢጫ ማለት ኤርባግ ወይ ቀበቶ ወጣሪ ነው፣ እሱን ባትሪ ተያይዞ መንቀል የለም፣ በቴስተር ደሞ በጭራሽ በጭራሽ ኦም አይለካበትም፣ ቴስተሩ ራሱ ሚልከው ትንሽ ከረንት ሊያፈነዳው ይችላል። ባለሙያዎች ያን መስመር ሲፈትሹ በኤርባጉ ቦታ 2 ኦም አካባቢ የሆነ ሬዚስተር ይተካሉ እንጂ ኤርባጉን ራሱን አይለኩም። ይሄን ማታውቁ ከሆነ ወንበር ስር እጃችሁን አታስገቡ፣ ሞኬት ገልጦ ውሃ ማየት ግን ማንም ይችላል።

አራቱን ብሎን ፈትታ ወንበሩን ወደኋላ አጋደመችው። የሚዛኑ ሳጥን ሶኬት ነጭ ነው። ስትነቅለው ከፒኖቹ ሁለቱ አረንጓዴ ሆነዋል፣ እንደ አሮጌ የመዳብ ሳንቲም፣ አንዱ ላይ ደሞ ነጭ ዱቄት ነገር። በስልኳ መብራት ጠጋ ብላ አሳየችኝ፣ ያቺ የፍየል ፀጉር ምታክል ፒን ናት እኮ 45 ሺ ብር ልታስወጣኝ የነበረችው! በኮንታክት ክሊነር ረጭታ በቀጭን ብሩሽ አጠበቻቸው፣ አንዱ ሲጠራ ተሰበረ፣ በልቶት ነበር፣ እሱን ከሌላ ተመሳሳይ ሶኬት በወጣ ፒንና ሽቦ ተካችው፣ በይዳ በሙቀት ሚኮማተር ላስቲክ አለበሰችው። ይሄ የሴንሰር ሽቦ ስለሆነ ነው፣ የኤርባጉን የራሱን ቢጫ መስመር ብዙ አምራቾች መቀጠል ጨርሶ አይፈቅዱም፣ ከነገመዱ ነው ሚቀየረው፣ ይሄን ልዩነት ማያውቅ ሰው እጅ እንዳትገቡ።

ከመፈታቱ በፊት ላይቭ ዳታውን አሳይታኝ ነበር። ስካነሩ ላይ አራቱ ሚዛኖች ለየብቻ በኪሎ ይታያሉ። እኔ ስቀመጥ ሶስቱ ቁጥር ተቀየረ፣ የኋላ የውስጠኛው ግን ድርቅ ብሎ አንድ ቁጥር ላይ ቆመ፣ ወንበሩን በሀዲዱ ወደፊት ስታንሸራትተው ዘሎ ወጣ፣ ከዛ ተመልሶ ቆመ። እንዲህ ሚዘል ከሆነ ሴንሰሩ ሳይሆን ሽቦው ወይ ሶኬቱ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ አለችኝ፣ የሞተ ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ አይዘልም። ሌላ ጊዜ ደሞ ወንበሩ ወደፊት ወደኋላ ሲሄድ ገመዱን ሀዲዱ ነክሶት ይገኛል፣ እሱንም ከታች በእጇ እየዳሰሰች ፈትሻለች፣ የኔው ደህና ነበር። ኮድም ስታዩ "አሁን ያለ" እና "ያለፈ" ሚባል አለ፣ የኔ ድሬ ሜዳ ላይ ሲፈተሽ "ያለፈ" ነበር ሚለው፣ ሁለተኛው ጋራዥ እሱን ሳያነብ ነው ሴንሰር ሞቷል ያለኝ።

ከዛ ትቦው። መኪናውን አነሳችው፣ በተሳፋሪው በኩል ከሞተሩ ግድግዳ ላይ ምትወጣ የጎማ ጫፍ አለች፣ ጣቷን አስገብታ ጫን ጫን ስታደርጋት መጀመሪያ ቡናማ ጭቃ ወጣ፣ ከዛ ቅጠል ነገር፣ ከዛ ውሃው እጇ ላይ ተዘረገፈ። ሳህን ደቅነንበት አንድ ሊትር ተኩል ያህል ሆነ። በኮምፕረሰር አትንፉት ብላለች፣ ግፊቱ በዛኛው በኩል ትቦውን ሊያስወልቅ፣ ውሃውንም ወደ ውስጥ ሊረጭ ይችላል፣ ለስላሳ ቀጭን ላስቲክ ይበቃል። እኔ ይሄን ነገር አስቀድሜ ማየት ነበረብኝ፣ ግቢያችን የጎረቤቴ መኪና ቆሞ ሲነሳ ሁሌ መሬቱ ላይ እርጥብ ክብ ይተዋል፣ የኔ ግን ለወራት ምንም አልተወችም፣ እኔ ደሞ የኔ መኪና ደህና ስለሆነች መስሎኝ ነበር።

ወንበሩ ወጥቶ ሞኬቱ ተገልብጦ ሁለት ቀን የድሬ ፀሀይ ላይ ዋለ። አትቸኩሉ፣ ስፖንጁ ከላይ ደርቆ ከውስጥ ይቆያል፣ እርጥብ ላይ ወንበር ከመለሳችሁ በሶስት ወር ያው አረንጓዴ ነው።

መመለሱ ላይ ደሞ ብዙ ጋራዥ ሚዘለው ነገር አለ። ሚዛን ያለው ወንበር ከወጣ ሲገባ እንደገና መስተካከል አለበት፣ ብሎኖቹ በቶርክ ቁልፍ፣ ማለት ጥብቀት በሚለካ ቁልፍ፣ በማኑዋሉ ልክ ይጠበቃሉ፣ አንዱ ከጠበቀ አንዱ ከላላ ሚዛኑ ይጣመማል። ከዛ መኪናው ሜዳ ላይ፣ ወንበሩ ባዶ፣ ማንም ሳይነካው፣ በስካነር "ዜሮ" ይደረጋል። ቀጥሎ የታወቀ ክብደት ይጫንበታል፣ ለኔ መኪና ማኑዋሉ 30 ኪሎ ነው ሚለው፣ ስካነሩ ከ27 እስከ 33 ካነበበ አለፈ። 30 ኪሎ ብረት ከየት ይመጣል? ከጎን ካለው ሱቅ 25 ኪሎ ሩዝ ከነጆንያው እና 5 ኪሎ ስኳር ተዋስን፣ ባለሱቁ በሚዛኑ ራሱ መዝኖ ሰጠን፣ ሩዙ ወንበሩ መሀል ላይ ሲቀመጥ 24 አለ፣ ስኳሩ ሲጨመር 29። ልጅቷ ደስ አላት፣ እኔ ከሷ ባሰ። የሌላ ሰው ወንበር ከሶማሌ ተራ ገዝታችሁ በቀጥታ ብትሰኩትማ ይሄ ሁሉ ካልተደረገ ሚዛኑ የሌላ መኪና ነው፣ መብራቱ ባይበራ እንኳን ትልቁን ሰው ልጅ፣ ልጁን ትልቅ ሊያደርግ ይችላል።

ከዚሁ ጋር ሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ከሴንሰሩ የተለየ ነው ግን ኤርባግ ካነሳን ዝም ብዬ አላልፍም። የታካታ ኤርባግ ያላቸው መኪኖች ጉዳይ። ውስጡ ያለው ማፈንጃ ኬሚካል ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይበላሽና ሲፈነዳ የብረቱን ቤት ሰባብሮ ሰው ላይ ይረጨዋል፣ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን ማፈንጃ ነው ተጠርቶ እንዲቀየር የታዘዘው፣ ብዙ የመኪና ብራንዶች ውስጥ አለ። ይሄ መብራት አያበራም! ስካነርም አያየውም። የሻንሲ ቁጥራችሁን፣ 17ቱን ፊደልና ቁጥር፣ የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መስሪያ ቤት ድረ ገፅ ላይ በነፃ አስገብታችሁ መኪናችሁ ያልተሰራ ጥሪ አለባት ወይ ማየት ትችላላችሁ። ለነሱ ገበያ ለተሰራ መኪና ነው ሚሰራው፣ የሌላ ሀገር ከሆነ የአምራቹን ድረ ገፅ እዩ። ሁለት ደቂቃ ነው።

መብራቱ በርቶ እስኪሰራ ድረስ እኛ ያደረግነው ባለቤቴ ኋላ ከልጃችን ጋር ቀበቶ አስራ ነበር ምትቀመጠው። ልጃችን 7 ዓመቷ ነው፣ መብራቱ በራ ጠፋ ጋቢና አትቀመጥም፣ ከ13 በታች ያለ ልጅ ቦታው ኋላ ነው። ጀርባውን ወደፊት ሚያዞር የህፃን ወንበር ደሞ ኤርባጉ ሚሰራ ጋቢና ላይ በምንም ምክንያት አይደረግም። እዚህ ከተማ ህፃን ታቅፎ ጋቢና መቀመጥ የተለመደ ስለሆነ ነው ደጋግሜ ምለው፣ ቁጣ አይደለም፣ ፍርሃት ነው።

ሁሉ ነገር ተደምሮ፣ ፒኗን፣ ስራዋን፣ ስካነሩን ጨምሮ የከፈልኩት ከወንበሩ ዋጋ አንድ አስረኛ አይሞላም። ከዛ ወዲህ ዘጠኝ ቅዳሜ ወጥተናል፣ ደንገጎን፣ አደሌን፣ ሐረማያን፣ አወዳይን አልፈን ሐረር፣ ባለቤቴ ጋቢና ተመልሳለች፣ ገና ቀበቶዋን ስታስር ብርቱካናማዋ ትጠፋለች። አርብ ማታ ማታ አሁን አንድ ነገር አደርጋለሁ፣ ኤሲውን አብርቼ ግቢ ውስጥ ሩብ ሰዓት አቆማታለሁ፣ ከዛ ጎንበስ ብዬ ከስሯ አቧራው ረጥቧል ወይ ብዬ አያለሁ፣ እጄንም ከሞኬቱ ስር አስገብቼ ስፖንጩን ጨመቅ አደርገዋለሁ። ያለፈው አርብ ልጄ መብራት ይዛልኝ ነበር፣ "አባዬ፣ እረጥቧል፣ ክብ ሰርታለች" አለችኝ።